በዓባይ በረሃ የተቀበረው የባሕር ዳርቻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ ጠይቀውኝ ርእሴን በነገርኋቸው ጊዜ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። ርእሴ በባሕር ዳር ባለ የኮራል ካብ ላይ ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ መዋኘትና በትንሽ ታንኳ መቅዘፍ ነው። የቢቸና ተወላጅ ስለ ጤፍና ስለ መረሬ አፈር ቢናገር ያምርበታል፤ ስለ ባሕር ምን አገባው ብለው ቢያስቡ አልፈርድባቸውም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማስበው እንደዚያው ነበርና። ዛሬ ግን ባሕሩ የሩቅ አገር ነገር እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በገዛ አገራችን ገደል ውስጥ ተቀብሮ እንደሚገኝ፣ እኛ መምህራንም ሳናየው እንደምናልፍ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ነገሩን ከጥፋቴ ልጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት በሞጣ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ከፋሲካ ዕረፍት መልስ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በነጠላው ጫፍ የቋጠረውን ድንጋይ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። «ጋሼ፣ ከደጀን በታች ካለው ቆላ፣ ከአጎቴ ዘንድ ያመጣሁት ነው፤ የማር እንጀራ ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት» አለኝ። ድንጋዩ ግራጫ ሲሆን በፊቱ ላይ እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ፣ ውስጣቸው እንደ ኮከብ የተሰነጣጠቀ ትናንሽ ቤቶች ነበሩበት። ደወል ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ስለ ነበር በችኮላ አየት አደረግሁና «ይህ በፈተና አይመጣም፤ ወደ ቦታህ ተመለስ» አልሁት። ልጁ ምንም ሳይመልስ ድንጋዩን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ከክፍሉ ግድግዳ ሥር ተጥሎ አየሁት፤ አላነሣሁትም።

በዚያው ዓመት ለዚያው ክፍል «ኮራል በሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባሕር የሚኖር ጥቃቅን እንስሳ ነው» የሚል ማስታወሻ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገልብጫለሁ። ልጆቹም ቃል በቃል አጥንተው ጥሩ ውጤት አገኙበት። ከመካከላቸው ኮራል ያየ አልነበረም፤ አስተማሪያቸውም አላየም።

ከጡረታ በኋላ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጅቡቲ ወደብ የሚሠራው የእኅቴ ልጅ እንድጎበኘው ጋበዘኝ። «አጎቴ፣ ዕድሜ ልክዎን ስለ ባሕር አስተምረው ባሕር ሳይነኩ ሊቀሩ ነው?» ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። በአንድ የዕረፍት ቀን በሞተር ጀልባ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደምትገኘው ወደ ሙሻ ደሴት ወሰደኝ። ከደሴቲቱ ዳርቻ ጥቂት እንደ ራቁ የኮራሉ ካብ ይጀምራል። ሪፍ የሚባለውን «ካብ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ገበሬ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድሮ እርከን እንደሚክብ ሁሉ ኮራልም የሞተውን መሠረት እያደረገ፣ ሕያው በሙት ላይ እየታነጸ የሚያድግ ግንብ ነው።

ወደ ካቡ የሄድነው ካያክ በሚባል ታንኳ ነበር። ካያክ በመጀመሪያ የበረዶ አገር አዳኞች ከእንስሳት ቆዳ የሠሩት ጠባብና ቀላል ታንኳ ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው ከፕላስቲክ ይሠራል። ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና በሁለቱም ጫፍ ምላስ ባለው መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ይቀዝፋል። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ላየ ሰው ነገሩ ብዙ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሁለቱም ቀላል ናቸው፤ ሁለቱም ሚዛኑን ያልጠበቀውን ይገለብጣሉ። የካያክ ጥቅሙ በጥቂት ውኃ ላይ ሳይነካ መንሳፈፉ ነው። ሞተር ስለሌለው ዓሣውን አያስበረግግም፤ ዘይትም አያፈስስም። ከላዩ ሆኜ ስመለከት ጥቁር ሰማያዊው ውኃ በድንገት ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ሲለወጥ አየሁ። የካቡ ጫፍ ያ ነበር። ታንኳችንን ኮራሉ ላይ ሳይሆን አሸዋ ባለበት ቦታ አቁመን የሕይወት ማዳኛ ሰደርያችንን እንደለበስን ወደ ውኃው ገባን።

ዕቃው ሦስት ነው፤ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍን የውኃ መነጽር፣ በአፍ የሚነከስ የመተንፈሻ ቱቦና እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ የጎማ ጫማ። መስተዋቱ በእንፋሎት እንዳይጋረድ በምራቅ አሽተው ያለቀልቁታል። ሪዜን የሚወድ ሰው ግን አንድ ችግር አለበት፤ ጎማው ከከንፈሩ ጋር ስለማይገጥም ውኃ ይገባበታል። እኔም ይኸው ደርሶብኝ ሁለት ጊዜ ጨው ጠጥቻለሁ። ከዚህ በቀር የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ፊትን ወደ ታች አድርጎ መንሳፈፍ፣ በአፍ ብቻ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ቱቦው ውስጥ ውኃ ሲገባ በኃይል እፍ ብሎ ማስወጣት።

ፊቴን ውኃው ውስጥ በነከርሁ ጊዜ ያየሁትን በሙሉ ልነግራችሁ አልችልም። እንደ ዋንጫ የተከፈተ፣ እንደ ቀንድ የተቀረነተ፣ እንደ ትልቅ ወፍጮ ድንጋይ የተንከባለለ የሚመስል ኮራል አየሁ። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን ድምፁ ነው። ዙሪያዬን ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያለ ይመስል ነበር። ይህን የሚያደርገው በጠንካራ መንጋጋው ኮራሉን እየፋቀ የሚመገብ፣ አፉ እንደ በቀቀን ምንቃር የሆነ ዓሣ ነው። የፈጨውን ድንጋይ በኋላው ነጭ አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። ሰዎች ተኝተው ፀሐይ የሚሞቁበት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ሥራ ነው።

ደክሞኝ ስለ ነበር ለማረፍ በአንዱ ትልቅ ድንጋይ ላይ ልቆም እግሬን ወደ ታች ዘረጋሁ። መሪያችን የጅቡቲ ተወላጅ ወጣት ነበር፤ አማርኛን የተማረው ከእኛ አገር ሾፌሮች ነው። «አባባ፣ እግርዎን ያንሡ! ሕይወት አለው!» ብሎ ጮኸ። ደንግጬ እግሬን ሰበሰብሁና ልቆምበት የነበረውን ድንጋይ ጎንበስ ብዬ አየሁት። በፊቱ ላይ እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ፣ ውስጣቸው እንደ ኮከብ የተሰነጣጠቀ ትናንሽ ቤቶች ነበሩበት። የማር እንጀራ ነበር። ያ የሞጣ ተማሪ ከነነጠላው በፊቴ የቆመ መሰለኝ።

ከጅቡቲ ከተመለስሁ በኋላ ቀድሞ ልሠራው ይገባኝ የነበረውን የቤት ሥራ ሠራሁ። የተማርሁትንም በአጭሩ እነግራችኋለሁ።

እያንዳንዷ የኮራል ቤት ፖሊፕ የምትባል ለስላሳ እንስሳ መኖሪያ ናት። እንስሳዋ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የሚሆነውን ማዕድን፣ እያወጣች ከሥርዋ ቤት ትሠራለች። በሥጋዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ አልጌዎች ይኖራሉ። እነርሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁላታል፤ እርስዋም መጠለያ ትሰጣቸዋለች። ካብ የሚሠራው ኮራል ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለውና ጥሩ ውኃ የሚፈልገው ስለዚህ ነው። ውኃው ከደፈረሰ ብርሃን አይደርስም፤ ብርሃን ካልደረሰ ምግብ የለም። ድንጋይ የሚመስለው ክብ ኮራል በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲሜትር ያህል ነው። እኔ ልቆምበት የነበረው ድንጋይ እንግዲህ በዕድሜ አያቴን ሳይበልጥ አይቀርም።

አሁን ከጅቡቲ ወደ ደጀን እንመለስ። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ከእኛ መካከል ያልተጓዘበት ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ዓይናችንን ጨፍነን፣ የመኪናው ፍሬን እንዲጸና እየጸለይን እንወርዳለን። ዓይኑን ገልጦ የወረደ ግን የምድርን ታሪክ ከላይ ወደ ታች ያነብባል። ከአፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው፣ ከምድር ሆድ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። የቢቸና መረሬ የተገኘው ከእንዲህ ያለው ድንጋይ መፍረስ ነው። ከዚያ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎም ገደሉን እንደ ግንብ ያቆመው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ከኖራው በታች ጀሶ፣ ከጀሶው በታች ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል።

ይህ የኖራ ድንጋይ ውፍረቱ 400 ሜትር ያህል ነው። የጂኦሎጂ ሊቃውንት በትግራይ ባለችው በሕንጣሎ ስም «የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ» ይሉታል፤ በዚያም በዚህም የሚገኘው ከአንድ ባሕር የተወለደ ነውና። በጁራሲክ ዘመን፣ ዛሬ 150 ወይም 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ፣ ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥቶ ምድራችንን እየሸፈነ እስከ ጎጃምና እስከ ትግራይ ደርሶ ነበር። በድንጋዩ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪት ይገኛል። በላይኛው ክፍሉ ደግሞ የዓሣ ዕንቁላል የመሰሉ ክብ ቅንጣቶች የተጋገሩበት ድንጋይና ሪፍ የሠራው ድንጋይ አለ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ለተማሪ ሊነገር የሚገባው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ክብ ቅንጣቶቹ የሚሠሩት ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ውኃ በማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲያንከባልላቸው ነው። ካብ የሚሠራ እንስሳም፣ እንዳልሁት፣ ብርሃንና ጥሩ ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ ድንጋዩን ያየ ተማሪ ማንም ሳይነግረው እንዲህ ብሎ መደምደም ይችላል፤ «እዚህ የነበረው ባሕር ጥልቅ አልነበረም፤ ሞቃት ነበር፤ ጥሩ ነበር፤ ፀሐይ እስከ ወለሉ ትደርስ ነበር።» ዛሬ በክረምት የጎጃምን አፈር ተሸክሞ እንደ ጭቃ የሚወርደው ዓባይ በሚያልፍበት ገደል፣ በአንድ ወቅት ሰው ፊቱን ነክሮ ወለሉን ሊያይበት የሚችል ውኃ ተኝቶበት ነበር። ይህ የሚጠና ማስታወሻ አይደለም፤ ከማስረጃ ተነሥቶ ማሰብ ነው።

ባሕር በአገራችን ምድር ላይ የቆመው በዚያ ጥንታዊ ዘመን ብቻ አይደለም። በአፋር፣ በደናክል ረባዳ ምድር ዳርቻ፣ ዛሬ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው የኮራል ካብ በደረቅ ፀሐይ ላይ ተገልጦ ይታያል፤ የቀይ ባሕር ውኃ እዚያ ድረስ በገባ ጊዜ የበቀለ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያመረተው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈጨው ድንጋይ የዚሁ የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ወገን ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ በሲሚንቶ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው በከፊል በባሕር ፍጡራን ቤት ውስጥ ይኖራል ማለት ነው። ፋብሪካው መኖሩን አልነቅፍም፤ ቤት ያስፈልገናል። የሚያሳዝነኝ ድንጋዩን በሚሊዮን ኩንታል ስንፈጭ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የምናሳየው አንድ ቁራጭ አለማስቀረታችን ነው።

ስለ ካያክ የጀመርሁትን በሞጣ በኩል ልፈጽም። እኛ ደገኞች ዓባይን የምናየው ከአፋፍ ነው፤ ለእኛ ዓባይ መሻገሪያ ያጣ ገደል ነው። ከታች፣ ከውኃው ላይ ሆነው ያዩት በአብዛኛው ከሩቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ጦር መኮንኖችና የሳይንስ ሰዎች ቡድን በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ወንዙን ወረደ፤ በዚያ ጉዞ አንድ ባልደረባቸውን ውኃ ወስዶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ማይክ ጆንስ የተባለው እንግሊዛዊ ከጓደኞቹ ጋር በካያክ ሞከረው። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ ከምንጩ ተነሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጨዋታ ነው የሚል ቢኖር፣ ከሞጣ በታች ያለውን የሰባራ ድልድይን ታሪክ ያስታውስ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከግራና ከቀኝ በሚጎትቱ ሰዎች ጉልበት ክፍተቱን ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በጀልባ ወንዙን የወረዱ ተጓዦች ይህን አይተው ፎቶግራፍ አነሡ፤ ፎቶግራፉ በታኅሣሥ 2000 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ፎቶግራፍ አይቶ ድልድይ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ ሰባራ ድልድይም በ2002 ተጠገነ። ጎርፍ በ2005 መልሶ ሲያፈርሰው በኋላ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ድልድዩ እንደ ተሰበረ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔም ሞጣ ሳስተምር አውቅ ነበር። ነገር ግን ከቅርብ ሆኖ አይቶ፣ ያየውንም ለሌላ ሰው ማሳየት ሌላ ነገር ነው።

ሕያው ኮራል ዛሬ ያለበትን ሁኔታም ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። የባሕሩ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ በሥጋው ውስጥ ያሉትን አልጌዎች ያስወጣል፤ ቀለሙንም አጥቶ ይነጣል። ሙቀቱ ከቆየ በረኃብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የጀመረው የመንጣት ወረርሽኝ ከዓለም የኮራል አካባቢዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ለከባድ ሙቀት አጋልጧል። የእኛ አገር ልጆች ደግሞ፣ ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ፣ ከድንበር ሳይወጡ ሕያው ኮራል የሚያዩበት ዳርቻ የላቸውም። ጅቡቲ ለመሄድ የሚችል ጥቂት ነው። ለብዙዎቹ የሚደርሳቸው ኮራል በገደላችን ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ እርሱን አለማሳየት ቀላል ጉድለት አይደለም።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ አንዲት መደርደሪያ ትኑር። ተማሪ ያመጣው ድንጋይ ሁሉ የተገኘበት ቦታ፣ ቀንና ያገኘው ልጅ ስም ተጽፎበት ይቀመጥባት። ቦታው ያልተጻፈበት ድንጋይ አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነውና። ነገር ግን ልጆች ከገደሉ ሊፈለፍሉ አይላኩ፤ ወድቆ የተገኘው ይበቃል። ትልቅ ወይም ያልተለመደ ቅሪት ሲገኝ ባለበት ተትቶ ለባህል ጽሕፈት ቤት ይነገር።

ሁለተኛ፣ ከቢቸና፣ ከሞጣና ከደጀን ያለን መምህራን መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ፣ በደረቁ ወራት፣ ከአዛውንቶችና ከአካባቢው ሰዎች ጋር እየሆንን የደጀንን ቁልቁለት ለተማሪዎች እናሳይ። ወደ ወንዙ ግን ማንንም አናውርድ፤ የዓባይ ሙላቱም አዞውም የታወቀ ነው።

ሦስተኛ፣ «ይህ በፈተና አይመጣም» የሚለውን ቃል ከአንደበታችን እናጥፋ። ይህን የምለው ለሌላ አይደለም፤ ለራሴ ነው።

ያ ተማሪ ያመጣው ድንጋይ በእርግጥ ኮራል ነበር ብዬ ዛሬ በፊታችሁ ልመሰክር አልችልም። ለመመስከር ድንጋዩ በእጄ መኖር ነበረበት፤ በእጄ እንዳይኖር ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ልጁ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት ይህን መጽሔት የሚያነብብ መምህር ሆኖ ይሆናል። ከሆነ፣ ያን ቀን ልጠይቀው ይገባኝ የነበረውን ጥያቄ ዛሬ እጠይቀዋለሁ፤ «ልጄ፣ ከየትኛው ገደል ነው ያገኘኸው? እስኪ ወስደህ አሳየኝ።»